ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ፍልስፍና ምን ይሠራል?

አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ በሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ «አስቀሎና» ብሎ በሚያውቃት ጥንታዊት ከተማ ፍርስራሽ ላይ የተከለለ ነው። ሶምሶን ሠላሳ ሰዎች የገደለባት፣ ዳዊትም ለሳኦልና ለዮናታን ባወረደው ሙሾ ስሟን ያነሣት ከተማ ናት። በአጠገቧ ባለችው በዛሬይቱ አሽቀሎን ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ጎብኚ ወደ ፓርኩ የሚሄደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1850 ገደማ ከጭቃ ጡብ የተሠራውን የከነዓናውያን ቅስት በር፣ የሮማውያንን ባሲሊካ፣ በባሕሩ በኩል ደግሞ በመካከለኛው ዘመን ግንብ ውስጥ እንደ ማገር የተጋደሙትን የግራናይት ዓምዶች ለማየት ነው። ከተማዋ ካፈራቻቸው ሰዎች ይልቅ ድንጋዮቿ ይታወቃሉ። የሮማዊው የሲሴሮ መምህር የነበረው ፈላስፋ አንጥዮኩስ የዚህች ከተማ ልጅ ነው። ከእርሱ ስድስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ኤውቶኪዮስ የተባለ የሒሳብ ሊቅ ተወለደባት። የዚህ ጽሑፍ መነሻ ሁለተኛው ሰው ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን እንደ ተፈጥሮ ሕግ የያዙትን «ፊዚክስ ሌላ፣ ፍልስፍና ሌላ» የሚል ክፍፍል የእርሱን ያህል በጥቂት መስመር የሚያናጋ ጸሐፊ አላውቅም።

ኤውቶኪዮስ የተወለደው በ480 ገደማ ነው (ዓመታቱን ሌላ ካላልሁ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሥራው የቀደሙትን መጻሕፍት ማብራራት ነበር፤ የጥንቶቹን የግሪክ የሒሳብ ሊቃውንት የአርኪሜዲስንና የአፖሎንዮስን መጻሕፍት በሐተታ ፈትቷል። አንዱን ሐተታ ያበረከተው ለእስክንድርያው የፍልስፍና መምህር ለአሞንዮስ ሲሆን፣ ሌላውን ያበረከተው የቁስጥንጥንያን ሐጊያ ሶፍያ ከነደፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ለሆነው ለአንቴምዮስ ነው። ፈላስፋውም መሐንዲሱም የአንድ ሰው አንባቢዎች ነበሩ ማለት ነው። ለጉዳያችን ዋነኛው ግን አርኪሜዲስ ስለ ሚዛን የጻፈውን የሚያብራራው ሐተታ ነው። የአርኪሜዲስ መጽሐፍ ሁለት ክብደቶች በአንድ ዘንግ ላይ ሲንጠለጠሉ መቼ ተመዛዝነው እንደሚቆሙ በማረጋገጫ የሚያሳይ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ኤውቶኪዮስ ወደ ዘንጉ ከመግባቱ በፊት ቆም ይልና ይጠይቃል፦ አንድ ነገር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል ስንል ምን ማለታችን ነው? አርስቶትልና እርሱን የተከተለው ቶለሚ ማዘንበል የክብደትና የቅለት የጋራ ባሕርይ ነው ይላሉ፤ ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ ያዘነብላል። በፕላቶ መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው ቲማዎስ ግን ማዘንበል ሁሉ የሚመጣው ከክብደት ብቻ ነው፣ ቅለት የክብደት እጦት እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም ይላል። ኤውቶኪዮስ ሁለቱን አቋሞች አስቀምጦ፣ ሰፊውን ክርክር የት ማንበብ እንደሚቻል ጠቁሞ ወደ ሒሳቡ ያልፋል።

የዛሬ የፊዚክስ ተማሪ ይህን ሲያነብ «ከትምህርቱ ውጪ ነው፣ ፈተና ላይም አይመጣም» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጥያቄው የፊዚክሱ መሠረት ነው። ቅለት ራሱን የቻለ ነገር ከሆነ ጭሱን ሽቅብ የሚወስደው፣ ቡሹንም ከውኃው በላይ የሚያቆመው የራሱ ዝንባሌ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሕግ ለከባዱ፣ ሌላ ሕግ ለቀላሉ ያስፈልገናል። እጦት ከሆነ ግን አንድ ሕግ ይበቃል፤ ቡሹ የተንሳፈፈው ውኃው ስለሚከብደው ነው። አርኪሜዲስ ራሱ ስለ ተንሳፋፊ ነገሮች ሲጽፍ የሄደው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው። ምርጫውን ሚዛን ብቻውን ሊቆርጠው አይችልም፤ የትኛውንም አቋም ብንይዝ ሚዛኑ የሚያሳየው ያንኑ ነውና። ጽንሰ ሐሳቡን አገላብጦ መመርመር ያሻል፤ ይህ ደግሞ የፍልስፍና ሥራ ነው። ጥያቄው እንዲያውም ከጥንቶቹ ጋር አልተቀበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብረት ሲቃጠል ለምን ክብደቱ እንደሚጨምር ግራ የገባቸው አንዳንድ ኬሚስቶች፣ በቃጠሎ ጊዜ ከብረቱ ይወጣል የሚሉት ፍሎጂስቶን ክብደቱ ከዜሮ በታች ነው እስከማለት ደርሰው ነበር። አርስቶትል ያነገሠው ቅለት በሌላ ስም ተመለሰ፤ ኬሚስቱ ላቯዝዬ ብረቱ ከአየር ኦክስጅንን እንደሚወስድ እስኪያሳይ ድረስም ቆየ።

ኤውቶኪዮስ ብቻውን አልነበረም። በዚያው በአሞንዮስ ትምህርት ቤት ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል ሰው ተምሯል። ፊሎፖኖስ የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበለ፣ ስለ ክርስቶስ አንድ ባሕርይ የጻፈ ክርስቲያን በመሆኑ ለእኛ አገር የነገረ ሃይማኖት አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ኋላ ስለ ሥላሴ በጻፈው ምክንያት ግን የራሱ ወገኖች ሳይቀሩ አውግዘውታል። በ517 አርስቶትል ስለ ተፈጥሮ የጻፈውን ሲያብራራ ያደረገው ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አርስቶትል እንደሚለው ከሆነ አሥር እጥፍ የሚከብድ ነገር ሲወድቅ አሥር እጥፍ ይፈጥናል። ፊሎፖኖስ፣ ሁለት በክብደት በጣም የሚራራቁ ነገሮችን ከአንድ ከፍታ ልቀቃቸው፣ የመድረሻ ጊዜያቸው ልዩነት እጅግ ትንሽ ሆኖ ታገኘዋለህ አለ። የተወረወረ ድንጋይን የሚገፋው ከኋላው የሚዞር አየር ነው የሚለውንም ማብራሪያ ጥሎ፣ ወርዋሪው ለድንጋዩ የሚያሳድርበት ኃይል አለ ብሎ አስተማረ። ከሺህ ዓመት በኋላ ጋሊልዮ ስሙን ጠቅሶ ጽፏል። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ፊሎፖኖስን ዕቃ ለመጣል ያነሣሣው «መንቀሳቀስ ምንድን ነው? ባዶ ስፍራ ውስጥ መንቀሳቀስ ይቻላል ወይ?» የሚለው የፍልስፍና ክርክር ነበር። ሙከራው የመጣው ከጥያቄው ነው።

የዘመናችን ፊዚክስ እንዲህ ያለውን ነገር ጥሎ አልፏል የሚል አንባቢ ወደ እስራኤል ዩኒቨርሲቲዎች ይመልከት። ሽሙኤል ሳምቡርስኪ በ1900 ኮኒግስበርግ፣ የፈላስፋው የካንት ከተማ፣ ተወልዶ በ1924 ወደ ፍልስጤም የሄደ የፊዚክስ ሰው ነው። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ አስተማረ፤ እስራኤል ከተመሠረተች በኋላም የአገሪቱን የምርምር ምክር ቤት መርቷል። አዲስ አገር የውኃ፣ የእርሻና የኢንዱስትሪ ምርምሯን ታደራጅ ዘንድ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ነበር ማለት ነው። ይህ ሰው በ1950ዎቹ ስለ ግሪኮች የተፈጥሮ ዓለም መጽሐፍ ጻፈ፣ በ1959 ስለ ስቶይኮች ፊዚክስ፣ በ1962 ኤውቶኪዮስና ፊሎፖኖስ ስለኖሩበት ዘመን ፊዚክስ አስከተለ፤ በዩኒቨርሲቲውም የሳይንስ ታሪክና ፍልስፍና ትምህርት ክፍልን መሠረተ። ስቶይኮች የተባሉት የግሪክ ፈላስፎች ዓለም በባዶ ስፍራ የሚበተኑ ብናኞች ስብስብ ሳይሆን በአንድ ውጥረት የተያያዘ ወጥ ነገር ነው ይሉ ነበር። ሳምቡርስኪ ይህን ሲያነብ እንደ ተረት አላለፈውም፤ ዛሬ ፊዚክስ «መስክ» ብሎ የሚጠራውን አስተሳሰብ ቅድመ አያት አየበት። ይህን ለማየት ግሪክኛ ማወቅ ብቻ አይበቃም፣ የማክስዌልን የመስክ ቀመሮች ሠርቶ ያለፈ ሰው መሆን ያስፈልጋል።

ማክስ ያመርም እንዲሁ። በ1915 በርሊን ተወለደ፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው በፊዚክስ ነው፣ ኋላ ባር ኢላን ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በ1954 ስለ ስፍራ ጽንሰ ሐሳብ ለጻፈው መጽሐፍ መቅድም የጻፈለት አንስታይን ነው። ከዚያ በ1957 ስለ ኃይል፣ በ1961 ስለ መጠነ ቁስ፣ በ1974 ስለ ኳንተም መካኒክስ ፍልስፍና ጻፈ። ኃይልንና መጠነ ቁስን እንውሰድ። ከኒውተን የተማርነው ቀመር ኃይል የመጠነ ቁስና በየሰከንዱ የሚኖር የፍጥነት ለውጥ ብዜት ነው ይላል። መጠነ ቁስስ ምንድን ነው? ብሎ ለጠየቀ ተማሪ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ «ኃይል ሲያርፍበት ፍጥነቱን ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካ» የሚል ነው። ኃይልን በመጠነ ቁስ፣ መጠነ ቁስን በኃይል ተረጎምነው፤ ክቡን ዞረን መነሻችን ላይ ቆምን። የፊዚክስ ሊቅና ፈላስፋ የነበረው ኤርንስት ማክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ክብ ለመስበር ደከመ። አንስታይንም በ1902 በርን ከተማ ከጓደኞቹ ጋር እየተሰበሰበ ማክንና ፈላስፋውን ሂዩምን ያነብ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ «በተመሳሳይ ጊዜ» ማለት ምን ማለት ነው ብሎ ሲጠይቅ ከዚያ ንባብ እንደተጠቀመ ራሱ መስክሯል። በ1944 ለአንድ ወጣት መምህር በጻፈው ደብዳቤም የሳይንስ ታሪክና ፍልስፍና ዕውቀት ተመራማሪውን የትውልዱ ጭፍን እምነት እስረኛ ከመሆን ያድነዋል የሚል ሐሳብ አስፍሯል።

በዚህ ላይ የሚነሣው ከባድ ተቃውሞ ከራሳቸው ከፊዚክስ ሊቃውንት የመጣ ነው። ስቲቨን ዋይንበርግ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለዚህ ሰጥቶ፣ ፍልስፍና ፊዚክስን የጠቀመበት ጊዜ ቢኖር ፊዚክስን ከሌላ ፍልስፍና ስላዳነው ብቻ ነው የሚል ክርክር አቅርቧል። ስቲቨን ሃውኪንግም በ2010 ከባልደረባው ጋር በጻፈው መጽሐፍ ፍልስፍና ሞቷል ብሏል። ዋይንበርግ የያዘው ማስረጃ ቀላል አይደለም። ያ አንስታይንን የረዳው ማክ ራሱ በአቶም መኖር አላምንም ብሎ ኖሯል፤ የምናውቀው በስሜት ሕዋሳችን የሚሰማንን ብቻ ነው የሚል ፍልስፍናው ዐይኑን ጋርዶታል። ይህን መካድ አይገባም፤ ፍልስፍና ተሳስቶ ያሳስታል። ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚያረጋግጠው ተቃራኒውን ይመስለኛል። አቶም የማይታይ ሆኖ ሳለ አለ ማለት እንችላለን ወይ የሚለውን ማክ ሲክድ፣ የፊዚክስ ሊቁ ቦልትዝማን ሲሟገት፣ ሁለቱም ፍልስፍና ላይ ነበሩ። ፊዚክስ ያለ ፍልስፍና የሚሠራበት ቤት የለውም፤ ያለው ምርጫ የተመረመረ ፍልስፍና ይዞ መሥራት ወይም ሳይመረመር ከመማሪያ መጽሐፍ የተወረሰውን ይዞ መሥራት ነው። «ሞቷል» የሚለው ፍርድስ ቢሆን በየትኛው ቤተ ሙከራ ነው የተለካው?

ወደ አገራችን ስንመለስ ተቃውሞው መልኩን ይለውጣል። ልጆቻችን አሥራ አንደኛ ክፍል ሲገቡ በተፈጥሮ ሳይንስና በማኅበራዊ ሳይንስ ይለያያሉ፤ ከዚያ ወዲያ የፊዚክሱ ልጅ የታሪክ መጽሐፍ፣ የታሪኩ ልጅ የፊዚክስ መጽሐፍ አይገልጥም። በ2008 የተጀመረው የሰባ ሠላሳ ፖሊሲ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ሰባ በመቶ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳ በመቶ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመድብ መለያየቱን በቁጥር አጠረው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ መሰጠቱ መልካም ነው፤ ግን የኮርሱ ምሳሌዎች ከፊዚክስ ኮርሱ ጋር አይተዋወቁም፣ መምህራኑም እንዲሁ። ይህን መለያየት የሚደግፍ ሰው የሚለው ግልጽ ነው፦ ደሀ አገር ነን፣ የሚያስፈልገን ትራንስፎርመር የሚጠግንና ግድብ የሚያሰላ ሰው ነው፤ ቅለት ነገር ነው ወይስ እጦት እያለ የሚራቀቅ ሰው ለጠገበ አገር ይሁን።

ምክንያቱ የሚከበር ነው፤ መደምደሚያው ግን ስሕተት ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ ምድር ለወራት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ የሆነውን እናስታውስ። የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች በየመገናኛ ብዙኃኑ ሁለት ነገር ተናገሩ፦ የሚቀጥለው መንቀጥቀጥ መቼና በምን መጠን እንደሚመጣ መተንበይ አይቻልም፤ የስምጥ ሸለቆው አደጋ ግን የታወቀ ስለሆነ ሕንፃዎች በዚያ ልክ መሠራት አለባቸው። ብዙው ሰው የሰማው እርስ በርሱ የሚጣላ ነገር ነው። «አናውቅም» ካላችሁ «የታወቀ» የምትሉት ምንድን ነው? በዚህ ክፍተት ነው በማኅበራዊ ሚዲያ ቀን እየቆረጠ የሚተነብየው ሁሉ የገባው። አንድን ክስተት መተንበይና ለረጅም ጊዜ የሚኖረውን ዕድል ማስላት ልዩነታቸው ምንድን ነው፣ የይሆናል ስሌትስ ስለ ዓለሙ ይናገራል ወይስ ስለ ዕውቀታችን፣ የሚለው ጥያቄ የሳይንስ ፍልስፍና ዋና ምዕራፍ ነው። ለመሐንዲሱም የእንጀራ ጉዳይ ነው። የሕንፃ ደንባችን የተቀዳው ከአውሮፓ ደንብ ነው፤ በውስጡ ያሉት የደኅንነት ማባዣ ቁጥሮች አንድ ሰው በአንድ ቦታ «ይህን ያህል ስጋት እንቀበላለን» ብሎ የወሰናቸው ናቸው። ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደታሰበባቸው የማይጠይቅ መሐንዲስ የሌላውን ፍርድ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይዞ ይገነባል። ራቀቀ የተባለው ጥያቄ ከኮንክሪቱ ጋር አብሮ ይፈሳል።

ሌላውና እኔ ራሴ የምጋራው ስጋት አለ። ሳይንስና ፍልስፍናን እናገናኝ ሲባል በእኛ አገር ቶሎ የሚመጣው «የዛሬው ሳይንስ ሁሉ በአባቶቻችን ብራና ላይ ነበር» የሚል ወሬ ነው፤ ኳንተሙም፣ ጋላክሲውም። ለዚህ መድኃኒቱ ራሱ ኤውቶኪዮስ ነው። አርኪሜዲስ በአንድ መጽሐፉ አንድ ማረጋገጫ ወደ ኋላ እሰጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበር፤ በኤውቶኪዮስ ዘመን በነበሩት ቅጂዎች ግን ማረጋገጫው አልነበረም። ኤውቶኪዮስ ፈልጎ ፈልጎ በአንድ አሮጌ መጽሐፍ ውስጥ የተበላሸ ጽሑፍ አገኘ፤ ሥዕሎቹ ተዛብተዋል፣ ጸሐፊዎቹ ብዙ ስሕተት ጨምረውበታል። «ይህ የአርኪሜዲስ ነው» ብሎ ዘሎ አላወጀም። ቋንቋውን መረመረ፤ አርኪሜዲስ ይጽፍበት የነበረው የዶሪስ ዘዬ ርዝራዥ አለበት። ቃላቱን መረመረ፤ የሾጣጣ ቁራጮች ከአፖሎንዮስ በፊት ይጠሩበት በነበረው ስም ተጠርተዋል። ከዚያ በኋላ ሒሳቡን ሠርቶ ፈተሸ፣ የሚቆመውን አቆመ። ዛሬ ያንን ማረጋገጫ የምናውቀው በእርሱ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብራና ላይ ጋላክሲ አለ ሲባል መቼ ተጻፈ፣ ማን ገለበጠው፣ ቃሉ በዚያ ዘመን ምን ማለት ነበር ብሎ ይጠይቃል። በሐተታ ሥራ እኛ ባዶ እጃችንን አይደለንም። በጉባኤ ቤቶቻችን የሚሰጠው የአንድምታ ትርጓሜ አንድን ንባብ ይዞ «አንድም» እያለ ሌላውን ትርጉም ሲደረድር፣ ተማሪውን አንድን ቃል ሳይመረምር እንዳያልፍ ነው የሚያሠለጥነው። የጎደለው ይህን ልማድ ይዞ ወደ ፊዚክስ መጽሐፍ የሚገባ ሰው ነው፤ የጉባኤ ቤቱ ሰው ፊዚክስ ክፍል አይገባም፣ የፊዚክሱ ሰው ጉባኤ ቤቱን ቢያውቅም ከሥራው ጋር አያገናኘውም።

«የሁለቱም የሆነ የአንዱም አይሆንም» የሚለው የመጨረሻው ተቃውሞ ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ የሁለቱ የእስራኤል ሊቃውንት የሥራ ሕይወት ቅደም ተከተል ነው። ሳምቡርስኪም ያመርም በመጀመሪያ የፊዚክስ ሰዎች ነበሩ፤ ወደ ፍልስፍናው የገቡት ሙያውን ከያዙ በኋላ፣ ከሙያው ጥያቄ ተነሥተው ነው። ስለዚህ የምለው አዲስ የትምህርት ክፍል ክፈቱ አይደለም፤ አዲስ ክፍል ሲከፈት ምን እንደሚመስል እናውቃለን። በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው መምህር ለዶክትሬቱ የአንድን ጽንሰ ሐሳብ ታሪክና ይዘት ልመርምር ቢል የፊዚክስ ክፍሉ «ይህ የእኛ አይደለም» ብሎ አይመልሰው፤ የፍልስፍና ክፍሉም ቀመር አየሁ ብሎ አይሽሽ። ሁለቱ ክፍሎች አብረው ያማክሩት፣ የዕድገት ነጥቡም በሁለቱም ይቆጠርለት። ይህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ የማንንም ፈቃድ የማይጠይቅ ነገር አለ። የአንደኛ ዓመት የመካኒክስ መምህር በሚቀጥለው ፈተና ላይ፣ ከሚሰሉት ጥያቄዎች በታች፣ አንድ የማይሰላ ጥያቄ ይጨምር፦ ኃይል የሚለውን ቃል ሳትጠቀም መጠነ ቁስን ተርጉም።